ባቡሩ በእህቴ በኩል

ማዘጋጃ ቤቱ «ባቡር ይሻላችኋል ወይስ አውቶቡስ?» ብሎ ነዋሪውን ሲጠይቅ፣ ሌላው ሰው ስለ ቁፋሮውና ስለ አቧራው አሰበ። እኔ ያሰብኩት ስለ እህቴ ነው። ቀላል ባቡሩ ከተመረጠ በላይኛው መንገድ፣ በእሷ ሕንፃ ሥር ያልፋል። አውቶቡሱ ከተመረጠ በታችኛው መንገድ መጥቶ ከእኔ ልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ይቆማል። ሁለቱም የሚነሱት ግን ከአሮጌው ሰፈር፣ ከእናታችን በር ላይ ነው። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ባቡር ከሆነ እናቴ የእሷ ናት፤ አውቶቡስ ከሆነ የእኔ።

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሚኒባስ ላይ መጋፋት ትታለች። እህቴ ደግሞ መኪና አላት። እኔ ያለኝ መኪና የስፌት ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ በር ላይ ቆማ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣ እናቴን አሳፍራ ወደ ላይኛው ሰፈር ትወስዳለች፣ በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ታነሳትና ለእኔ ትልክልኛለች። ከሥሩ «እማ ከእኛ ጋር!» የሚል ጽሑፍ አለበት። ከእኛ ጋር! እኔስ ከማን ጋር ነኝ? ስልኩን በፊቱ ደፍቼ የስፌት መኪናውን እስኪያቃስት እረግጠዋለሁ። ቅናት ነው? አዎ፣ ቅናት ነው፤ ምን ያሽኮረምመኛል።

ባለፈው ዓመት ለእናታችን ብላ ከቤቷ አንድ ክፍል ለየች። አልጋ አስገባች፣ ምንጣፍ አነጠፈች፣ እኔንም ልታሳየኝ ጠራችኝ። አልጋውን ቻልኩት። ምንጣፉንም ቻልኩት። መጋረጃው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ተሰፍቶ ከሱቅ የተገዛ መጋረጃ! መጋረጃ ሰፍታ ልጆቿን የምታሳድግ እህት እያለቻት!

«አንቺን እንዳላስቸግርሽ ብዬ እኮ ነው እትዬ» አለችኝ።

«ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳትና ቤቴ እስክገባ ጥርሴን ነክሼ ተጓዝኩ።

እኔም ለእናቴ ቦታ አለኝ። ሱቄ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ትራስ ያላት ወንበር አስቀምጫለሁ። መርፌ መያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናትና እዚያች ቁጭ ብላ ቁልፍ ስትተክል፣ መንገደኛውን እያየች ስታማልኝ ይታየኛል። ደንበኛ ሊቀመጥባት ሲል «ኧረ እሷ እግሯ ተሰብሯል!» ብዬ አስነሳዋለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ ስለገባው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ይቺ ወንበር ዘንድሮም አልዳነችም?» እያለ ያሾፍብኛል።

የማዘጋጃ ቤቱ አሠራር እንዲህ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ የከተማ ካርታ ይሰቀላል፤ ባቡሩ በሰማያዊ፣ አውቶቡሱ በአረንጓዴ ይሰመራል። ክርክሩ ሲያበቃ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንዲት ክብ ተለጣፊ ትሰጠዋለች፤ በሚፈልገው ፌርማታ ላይ ይለጥፋል። ብዙ የተለጠፈበት መስመር ይሠራል። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ወደ እናቴ መደወል ሥራዬ ሆነ።

«እማ፣ አረንጓዴው ላይ እሺ? ከሱቄ ፊት ለፊት።»

«እሺ ልጄ» ትለኛለች።

ለእህቴም «ሰማያዊው ላይ እሺ?» ስትላት «እሺ ልጄ» እያለች እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

የስብሰባው ዕለት ታክሲ ኮንትራት ይዤ ከተፍ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ የእህቴ መኪና ቀድማኝ በሩ ላይ ቆማ ጥሩምባዋን ታንባርቃለች። እኔም የታክሲውን ሹፌር «አንተም ንፋ እንጂ!» አልኩት። ሰፈሩ ሠርግ የመጣ መሰለው።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ብቅ አለች። «ግቡ እንጂ፤ ሻይ ጥጃለሁ» አለችን።

«ስብሰባው ያመልጠናል እማ!» አልናት ሁለታችንም ባንድ አፍ። እኔና እህቴ በአንድ ነገር ከተስማማን ስንት ጊዜያችን!

ተመልሳ ምድጃውን አጠፋች፣ ነጠላዋን ደርባ መጣች። ለጉልበቷ የሚመቸው የእህቴ መኪና ስለሆነ ታክሲዬን አሰናብቼ እኔም ከኋላ እንደ ጓዝ ገባሁ። ከመስታወቱ ላይ የእህቴ ዓይን ሲስቅ ታየኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መሐንዲሱ፣ ከሰው ጋር መጣላት የማይወድ ለስላሳ ወጣት፣ ባቡሩ ብዙ ሰው እንደሚጭንና ግን ለመሥራት ዓመታት እንደሚፈጅ፣ አውቶቡሱ ቶሎ እንደሚጀምርና ግን ከመንገዱ ላይ ለብቻው መስመር እንደሚወስድ አስረዳ። ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ «ቁፋሮው እስኪያልቅ ደንበኞቼ ሁሉ ራሰ በራ ይሆኑብኛል፤ እኔ አውቶቡስ ነኝ» አለና ቤቱን አሳቀው። አጨበጨብኩለት።

ከዚያ እህቴ ማይክሮፎኑን ያዘች። ስትናገር ታምራለች፤ እሱም ያናድደኛል። «ባቡር ደረጃ የለውም፤ ወለሉ ከመቆሚያው እኩል ነው» አለች። «እናቴ እዚህ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን ታማለች። ወደ እኔ ስትመጣ የማንንም እጅ ሳትይዝ እንድትገባ እፈልጋለሁ።» ሰው ሁሉ ዞሮ እናቴን በርኅራኄ አያት። እናቴን ማስረጃ አድርጋ አቀረበችልኝ እኮ!

እጄን ማውጣቴንም አላስታውስ፤ ቆሜ ተገኘሁ። «መኪና ያላት ሴት ባቡር ምን ያደርግላታል?» አልኩ። «አውቶቡሱም ወለሉ ዝቅ ያለ ነው ተብሏል! ደግሞስ እናቴ የእሷ ብቻ ናት እንዴ? እኔን ማን ወለደኝ?»

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠራረገና «እ... ወደ መስመሩ ብንመለስ» አለ።

መለጠፉ ተጀመረ። የእኔን ሱቄ ፊት ለፊት ለጥፌ እንዳትነሳ በአውራ ጣቴ ደፈጠጥኳት። እህቴም ሕንፃዋ ሥር ለጠፈች። ከዚያ እናታችንን አንዱን ክንድ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወደ ካርታው አቀረብናት። እሷ ወደ ላይ ሳብ፣ እኔ ወደ ታች ሳብ። እናቴ ሁለታችንንም በክርኗ ገፋ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች። ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ሰማያዊውና አረንጓዴው በሚነሱበት በመጀመሪያው ፌርማታ ላይ፣ በራሷ በር ላይ፣ ለጠፈች።

«እማማ» አለ መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄኛው በሁለቱም አማራጭ ያለ ነው። እዚህ ከለጠፉ ለየትኛውም አይቆጠርልዎትም። ቢያነሱት ይሻላል።»

«አየሁት ልጄ። መነጽሬን አድርጌያለሁ።»

«እማ፣ እኔ ጋ መምጣት አትፈልጊም?» አልኳት።

«ክፍልሽስ?» አለች እህቴ።

እናቴ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «ይሄ ባቡር ከበሬ ተነስቶ ይሄዳል አልክ። ተመልሶስ ይመጣል?»

«ይመጣል እማማ።»

«አውቶቡሱስ?»

«እሱም ይመጣል።»

«እንግዲያው የመረጡትን ይሥሩ። እኔ የምፈልገው መምጫውን ነው። በሬ ላይ ጥሩምባ የሚነፋ ሞልቶኛል፤ ወርዶ የሚገባ ነው ያጣሁት።»

ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ምን እንደተናገረ አልሰማሁም። እህቴን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች። እኔም መሬት መሬት አየሁ። እናታችንን በሯ ድረስ አድርሰን ስንመለስም፣ ምን ነክቶን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀንም ወደ ውስጥ ሳንገባ ቀረን። አፈርን መሰለኝ።

ባቡሩ አሸነፈ። ወትሮ ቢሆን ሳምንት ያስተኛኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ ይዞኛል። ባቡሩ እስኪሠራ ማን ይጠብቃል? ቅዳሜ ጠዋት፣ እህቴ ሳትነቃ ልቅደም ብዬ ሱቄን ዘጋሁ። ባለትራሷን ወንበር ተሸክሜ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። ይሳቅ። መለወጫው ጋ ወርጄ ሌላ ያዝኩ፣ የቀረውን አቀበት ወንበሬን ራሴ ላይ አድርጌ በእግሬ ወጣሁት። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ እያሰብኩ፣ በላብ ተጠምቄ ደረስኩ።

በሩ ላይ የእህቴ ጫማ ተቀምጧል።

ዛሬም ጥሩምባ ነፋች እንዳትባል ብላ መኪናዋን ከታች አቁማ በእግሯ መጥታለች! ገባሁ። እህቴ ያንን የተንሻፈፈ የሱቅ መጋረጃ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ትተረትራለች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ መርፌ አያያዝ ታሳያታለች። እኔን ያስተማረችኝን አያያዝ! ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ ሁለቱም ተይዘዋል።

«አንቺስ ምነው ዘገየሽ?» አለችኝ እናቴ፣ የእኔን ሻይ እየቀዳች።

እህቴ ወንበሬን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይቺ እግሯ ተሰብሯል ብለሽ እኔንም ያስነሳሽኝ ወንበር አይደለችም እንዴ?»

«ድናለች» አልኳት። «በይ ጠጋ በይ።»

ወንበሬን በሁለቱ መሐል አስገብቼ ተቀመጥኩ።