ቀይዋ ኤል በቨርነን ቀብር ቀን

ጆዲ አሽዎርዝ ሁለቱን ሰሌዳዎች ሞተር ብስክሌቷ ላይ ራሷ አሰረቻቸው፤ አንዱን ከፊት መብራቱ በታች፣ ሌላውን ከኋላ ከታርጋው አጠገብ። ነጭ ፕላስቲክ ላይ የተጻፈች አንዲት ቀይ ኤል፣ የእንግሊዝኛዋ ፊደል። ትርጉሟን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህች ሰው ገና ተለማማጅ ናት፣ ተጠንቀቁላት፣ ሰው አታፈናጥጥም፣ የፍጥነት መንገድ ላይ አትወጣም። ጆዲ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ኤል ለጥፎ መንገድ ላይ መታየት በሮሰንዴል ሸለቆ ያስቃል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከጎረቤቶቿ ማንም አልሳቀም፤ የአባቷ የቨርነን ቀብር ነበር።

ቨርነን ዕድሜውን በሞተር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። የሸለቆው ሞተረኞች ማኅበር ደግሞ ደንቦቹን ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ያከብራል። አንዱ ደንብ ይህ ነው፦ ከመካከላቸው አንድ ሰው ሲሞት ሁሉም በሞተር ይሸኙታል፣ ከሬሳው መኪና ቀጥሎ ደግሞ የሟቹ ልጅ ብቻውን ይነዳል። የቨርነን ወንድ ልጅ ክሬግ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። የቀረችው ጆዲ ናት፤ እሷ ደግሞ ሞተር የሚባል ነገር ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ነበረች። አባቷ በሞተ በሦስተኛው ቀን ሄዳ ለተለማማጅ የሚሰጠውን የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰደች፣ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ሞተር ገዛች። ያዩዋት ሁሉ ሐዘን አናቷ ላይ የወጣባት መሰላቸው።

ሌላ ነገር ነበር። በጃኬቷ የውስጥ ኪስ ውስጥ በእጇ የጻፈችው ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። በሬሳ ማቃጠያው ቤተ ጸሎት፣ ሳጥኑ ወደ እሳቱ ሊሄድ መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት፣ ስለ አባቷ የምትናገረው እሷ ናት። ሁለተኛው ገጽ ላይ በሕይወቷ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ተጽፏል።

ክሬግ የሞተው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ተለማማጅ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ጆዲ አውቶቡስ አምልጧት የጓደኛዋ ልደት ላይ እንዲያደርሳት ለመነችው። «ኤል ለጥፌ አንቺን ባፈናጥጥ ፖሊስ ከመጀመሪያው ጥግ ነው የሚይዘኝ፤ ተይኝ እባክሽ» አላት። እሱ ጫማውን እስኪያስር ድረስ ጋራዥ ገብታ የሁለቱንም ሰሌዳዎች ማሰሪያ ቆረጠችና «ይኸው፣ አሁን ተለማማጅ አይደለህም!» አለችው። ሳቀ። የክሬግ ችግሩ ሳቁ ነበር፤ ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ተራራው ላይ ባለችው ጠመዝማዛ ዝናብ ነበር፣ ከወዲያ ደግሞ ቫን መጣ። እሷ የትከሻዋ አጥንት ብቻ ተሰበረ።

ሰሌዳውን ማን አነሳው ብለው ሲጠይቋት «እሱ» አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ ክሬግ ሞቶም ጥፋቱን ተሸከመ።

ከዚያ ወዲህ ቨርነን አንድ ልማድ አወጣ። ማኅበሩ ውስጥ አዲስ ለማጅ ሲመጣ ቤቱ ይጠራዋል፣ ሰሌዳውን በገዛ እጁ ያስርለታል፣ እያሰረ ያንኑ ታሪክ ይነግረዋል፦ «ልጄ ይቺን ቆርጦ ጣለ። እኔም ልጄን ቀበርኩ። አንተ እንዳትጥላት።» ጆዲ ታሪኩ ሲጀመር ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ሻይ የምታፈላ ትመስላለች። ስንት ጊዜ ውሃ እንዳፈላች እግዜር ይወቀው። አባቷ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ እንኳ ሦስት ቀን በተከታታይ ልትነግረው ቁጭ ብላ፣ ሦስቱንም ቀን ስለ ዝናቡ አውርታ ወጣች። አራተኛው ቀን ላይ ቨርነን አልነበረም።

እንግዲህ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ትነግረዋለች። ሬሳም ቢሆን ይስማ ብላለች።

ሰባ የሚያህሉ ሞተሮች ከቤቱ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። የጉዞው መሪ ዱጊ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። የጆዲን ሞተር ዞሮ ዞሮ አያት።

«ጆዲ፣ ይቺ ሞተር ናት ወይስ የስፌት መኪና?»

«አፍህን ልትሰፋልህ ነው የመጣችው፤ ዝጋው» አለው ኖቢ። ኖቢ የቨርነን የአርባ ዓመት ጓደኛ ነው፤ ጆዲ በልጅነቷ አጎቴ ትለው ነበር፣ አሁንም ትለዋለች። «ቨርነን ቢያይሽ ከሳጥኑ ወርዶ ይገፋልሽ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች። ያን ጊዜ ባለ ረጅም ባርኔጣው የቀብር አስፈጻሚ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ መጣ።

«የታችኛው መንገድ ተዘግቷል። የጭነት መኪና ተገልብጧል። በፍጥነት መንገዱ ነው የምንዞረው፤ ቦታው የተያዘልን ለአምስት ሰዓት ተኩል ነው። ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ቀብር አለ፣ አንድ ደቂቃ አይጠብቁንም።»

ሰው ሁሉ ሄልሜቱን ማጥለቅ ጀመረ። ከሰባው ሰው አንዱም ነገሩ አልታየውም። መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ተለማማጅ የት እንደማይወጣ ማን ያስታውሳል! ጆዲ ናት የተናገረችው።

«እኔ በዚያ አልችልም። ኤል ነኝ።»

ዱጊ ግንባሩን መታ። «እንዴ! እውነትሽን ነው!» ወዲያው ፊቱ በራ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? እንቆርጣታለን። መሃል አስገብተን ነው የምንወስድሽ፣ ማን ያይሻል? ለአባትሽ ቀብር የሚከስሽ ፖሊስ የት አለ?» ጎንበስ ብሎ የፊቱን ሰሌዳ ጨበጠ፤ በሌላ እጁ ኪሱን ቢላዋ ይፈልግ ጀመር።

«እጅህን አንሳ!»

ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። ሰው ሁሉ ዞረ። ዱጊ ትኩስ ነገር እንደነካ እጁን ሰበሰበ።

«ተዋት» አለ ኖቢ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እሷ ቀረበ። «እሺ፣ ከኔ ኋላ ተፈናጠጪ። ሞተርሽ እዚህ ትቆይ።»

ጆዲ የኖቢን የኋላ መቀመጫ አየችው። ከዚያን ቅዳሜ ወዲህ የሰው ኋላ ተፈናጣ አታውቅም። «አልችልም አጎቴ።»

«በመኪናው ግቢ እንግዲያ። ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ አለ።»

ይህን ብታደርግ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ግን ቨርነን ራሱ የማይችለው ግትርነት ከአባቷ ወርሳለች። ኤሏን ለጥፋ፣ በራሷ ሞተር፣ እስከ በሩ ድረስ ልትሸኘው ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። ሰዓቷን አየች፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ። በተራራው አሮጌ መንገድ ብትሄድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ይበቃል።

«በተራራው እመጣለሁ። አንተ ሳጥኑን ትሸከማለህ፣ አብረኸኝ መምጣት የለብህም። እኔ ሳልደርስ እንዳይጀምሩ ብቻ አድርግልኝ።»

ኖቢ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። «በተራራው?» አለ። «እሺ። እይዛቸዋለሁ።»

የሬሳው መኪና ተንቀሳቀሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ትተውላት ሰባው ሞተር ተከተለው። ጆዲ ብቻዋን ወደ ግራ ታጠፈች።

ዝናቡ ተራራው ወገብ ላይ ያዛት። ትንሿ ሞተር ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። ነፋሱ ከጎን ሲመታት ጆዲ መሪውን እስኪያማት ጨብጣ፣ በልቧ ሁለተኛውን ገጽ ታነባለች። ቃሉን በቃሏ ታውቀዋለች፦ ማሰሪያውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ በጎች ነበሩ፣ ጠበቀቻቸው። ጊዜ ገና አለ። አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ወደ ጠመዝማዛዋ ደረሰች።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ አላለፈችም። ቤት ውስጥ ሆና ስታስበው የምትችለው መስሏት ነበር፤ መንገድ እኮ መንገድ ነው። የድንጋይ አጥሩ ግን እንደዚያን ቀን ነው፤ አንዱ ቦታ ላይ ብቻ በአዲስ ድንጋይ ተጠግኗል። ሞተሯ ጠፋች። እጇ ፍሬኑን ይዞ አልለቅም ብሎ እንጂ ሞተሯስ ምንም አልሆነችም። አስነሳቻት፣ ጠፋች። እንደገና አስነሳቻት፣ እንደገና ጠፋች። መንገዱ ዳር ቁጭ አለችና ዝናብ እየወረደባት አለቀሰች። «ክሬግ፣ ይቅር በለኝ፣ ዛሬ ብቻ አሳልፈኝ» አለች። ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም። ስትነሳ ሞተሯን ይዛ በእግሯ ገፋቻት፤ ከክብደቷ ጋር እየታገለች፣ ቡትስ ጫማዋ እርጥቡ አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ፣ ጠመዝማዛዋን በሙሉ ገፍታ አለፈች። ከወዲያ በኩል ወጥታ ሰዓቷን ስታይ አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ማቃጠያው ግቢ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሞተረኞቹ ደጅ ወጥተው ሲጋራ ያጨሳሉ። በሩ ላይ ሌላ የሬሳ መኪና ቆሟል፣ የማታውቃቸው ሰዎች ጥቁር ለብሰው እየገቡ ነው። ጆዲ ሄልሜቷን ሳታወልቅ ሮጠች።

ዱጊ መንገድ ላይ ያዛት። «አንቺ ልጅ! የት ጠፋሽ? ኖቢ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም ብሎ ነበር፤ የቦታውን ሠራተኞች አሥር ደቂቃ ታገላቸው፣ እምቢ አሉ። ግን አይዞሽ፣ ባዶ አላስቀረነውም። እኔ ተናገርኩልሽ።» ደረቱን ነካ። «አንዱንም አልረሳሁም። ክሬግ ሰሌዳዋን ቆርጦ እንደጣለ፣ አባትሽ ከዚያ በኋላ ለስንቱ ጎረምሳ እንዳሰረ፣ ሁሉንም። ያላለቀሰ አልነበረም።»

«መጋረጃው...?»

«አዎ። ተዘጋ።»

አመስግናው አለፈች። ምን ትለዋለች? ሰውዬው በጎ ነው ያደረገው።

ኖቢ ከሕንጻው ጀርባ፣ አበባዎቹ የተደረደሩበት ጋ ብቻውን ቆሟል። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ጆዲ እርጥቡን ወረቀት ከኪሷ አወጣች፤ ቀለሙ ሁሉ ተዋህዷል።

«አጎቴ፣ ክሬግ አይደለም የቆረጠው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«አባትሽ ነው የነገረኝ። የዚያኑ ቀን ማታ አውቆታል። ክሬግ መቁረጫ ጉጠቱን ከኪሱ አይለይም ነበር፤ ሲሞትም ከኪሱ ነው የወጣው። ማሰሪያዎቹ ግን በእናትሽ የልብስ መቀስ ነው የተቆራረጡት። መቀሱን ጋራዡ ወለል ላይ አገኘው። ፖሊሶቹ ሳይመጡ አነሳው፣ ሰሌዳዎቹንም አነሳ። ከዚያ ልጄ ነው የጣለው ብሎ ለሁሉም ተናገረ።»

«ያውቅ ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ያውቅ ነበር? ታዲያ ለምን አንድ ቀን... ለምን አልነገረኝም?»

«ልጅ ነበርሽ። መጀመሪያ አድጋ ራሷ ትንገረኝ አለ። ከዚያ አደግሽ፣ እሱ ደግሞ እንዴት እንደሚጀምረው ጠፋበት። ታውቂው የለ? ስለ ሞተር ከሆነ እስከ ንጋት ያወራል፣ ስለ ሌላ ነገር ግን...» ኖቢ ባርኔጣውን አዞረው። «እነዚያን ጎረምሶች ለምን ቤቱ ድረስ የሚጠራቸው ይመስልሻል? የማኅበሩ አዳራሽ እያለ? አንቺ ከሌለሽ ታሪኩን ትንፍሽ አይልም ነበር። ስትመጪ ይጀምራል። ‹አንድ ቀን በመሃል አቋርጣ፣ አባዬ፣ እንዲህ አይደለም ትለኛለች› ይለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ሻይ ልታፈይ ትሄጃለሽ።»

ጆዲ አበባዎቹ አጠገብ ያለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ለማያውቁት ሰው የተከፈተ የኦርጋን ዜማ ይሰማል። አባቷን በዓይነ ኅሊናዋ ደጃፉ ላይ አየችው፤ ተንበርክኮ የአንዱን ልጅ ሰሌዳ እያሰረ፣ ድምፁን ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ ጥሎ። እሷ ከግድግዳው ወዲህ ቆማ ውሃው ቶሎ እንዲፈላና ድምፁን እንዲውጥላት ትመኛለች።

«አባዬ፣ እንዲህ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፤ ብላው ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሰማ እንደነበር ለማወቅ።

ሦስት ቃል ነበር። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም።