ሃምሳ ከታች፣ ስድስት ከላይ

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው። እውነት ሲባል ሰው ለወዳጁ የሚያወራው ዓይነት ለስላሳ እውነት ሳይሆን፣ ፍርድ ቤት ቢነገር ዳኛው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚያጨበጭብለት ደረቅ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጨመረችበት እንደሆነ የተራኪው ምላስ ከሥሩ ይነቀል፤ ጥርሱም ተከትሎ ይርገፍ። ይህም አልበቃ ላለው ምስክር አለ። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ እትዬ ያን ቀን ባልዲዋንና መወልወያዋን ይዛ ከክፍሉ በር ላይ ነበረች። እትዬ ደግሞ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። ሰው እንዴት አደርሽ ሲላት እንኳ «ደህና» ከማለቷ በፊት ቆም ብላ ታስባለች።

የነገሩ ጀግና የአራተኛ «ሐ» የሒሳብ መምህር ነው። ባልደረቦቹ «ዳንኪራ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ለማብሸቅ ነበር፤ እሱ ግን ማዕረግ እንደተሰጠው ሰው ደረቱን ነፍቶ ተቀበላቸው። «ዳንኪራ» ብሎ የሚጠራውን ሁሉ «አቤት» ይላል፤ በስሙ ለሚጠራው ግን ጆሮው አይሰማም።

በዓመቱ መጀመሪያ ስልሳ ሦስት ልጆች ተሰጡት፤ የሰባት ማባዣም አሳሩን አበላው። ጻፉ፣ ደገሙ፣ አለቀሱ። ጠዋት የያዙትን ቀትር ላይ ጥለውት ይመጣሉ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በመስኮት ሲመለከት እነዚያው ልጆች ግቢ ውስጥ ገመድ ይዘላሉ። እየዘለሉ ይቆጥራሉ፤ መቶ አልፈው ሁለት መቶ ሲገቡ አንዲት ቁጥር አልሳቱም።

«ለካ ቁጥሩ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እግራቸው ታስሮ ኖሯል» አለ ለራሱ።

ከዚያ ዘዴውን አወጣ። አሥሩ በእግር፣ ነጠላው በእጅ። ሰባት ሲባዛ በሦስት ሃያ አንድ ነውና ሁለት ጊዜ ወለሉን መርገጥ፣ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ፤ ዱም ዱም፣ ጨብ። ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ ስድስት ነውና አምስት ዱም፣ ስድስት ጨብ። ለማሳረፊያ ደግሞ አንዲት አጭር ዜማ ጨመረበት። በወሩ የሰባትን ማባዣ የማያውቅ ልጅ ቢፈለግ ከሌላ ትምህርት ቤት ማስመጣት ግድ ሆነ። «አይጢት» የሚሏት፣ ከኋላ ወንበር የማትጠፋው፣ ስሟ ሲጠራ ጠረጴዛ ሥር የምትገባው ልጅ ሳትቀር በእግሯ መናገር ጀመረች። እግሯ ከቀደመ ምላሷ ይከተላል፤ እግሯ ከቆመ ግን ምላሷም ይቆማል።

ችግሩ ወለሉ ነበር። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፣ ወለሉም ጣውላ ነው፤ ከጣውላው ሥር ደግሞ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ አለ። ስልሳ ሦስት ልጅ አንድ ላይ ሲረግጥ በሰፈሩ ያለ የግድግዳ ሰዓት ሁሉ አምስት አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ ድመቶች ጣራ ጥለው ይሰደዳሉ። ከቢሮው ኮርኒስ ኖራ እየረገፈ የርዕሰ መምህሩ ሻይ ውስጥ ይገባል። ሰውዬው ወራት ሙሉ ወተት ሳይገዛ ነጭ ሻይ ጠጣ። በዚያ ሕንፃ ላይ በጎ ነገር ቢፈለግ አንድ ብቻ ነው፤ የፎቁ ኮሪደር። እትዬ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ በየቀኑ ስለምታጥበው ሰው ፀጉሩን የሚያበጥረው እዚያ ላይ እያየ ነበር።

አንድ ሰኞ ርዕሰ መምህሩ መምህሩን አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የዛገ ቁልፍ አስቀምጦ ጠበቀው። ረቡዕ ሱፐርቫይዘር እንደምትመጣ፣ ክፍሉንም እንደምታይ ነገረው። ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥፈው፣ እግራቸውን ገጥመው እንዲጠብቋት አዘዘ። አንድ እግር ከተነሣ ግን መምህሩ ጠመኔውን አስረክቦ ያንን ቁልፍ ይረከባል። ቁልፉ የመጻሕፍት ማከማቻው ነው፤ መስኮት የሌለው፣ አቧራውና አይጡ የሚፎካከሩበት ክፍል። እዚያ የገባ መምህር ልጅ የሚያየው በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ብቻ ነው።

«እግራቸውን ከወሰዱባቸው ሰባት ሲባዛ በስምንትን በምን ያስቡታል?» አለ መምህሩ።

«በጭንቅላታቸው ነዋ።»

«ጭንቅላታቸው እኮ የቆመው እግራቸው ላይ ነው፤ ጌታዬ።»

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ወደ እሱ ገፋ አደረገው። መምህሩም መልሶ ገፋው። እንዲህ ሲገፋፉ የጠረጴዛው ቀለም ተልጦ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ነገሩን ሰምታ አንድ ቀን ዝም ቢል ሰማይ እንደማይወድቅ መከረችው። እሱ ግን ሌሊቱን እንደ አንበሳ ሲያገሳ አደረ ይባላል። ሚስቱ ማንኮራፋት ነው ትላለች፤ ሴት ልጅ ባሏን አታውቀውም።

ረቡዕ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ፈገግታ በራሽን የሚታደላት የምትመስል ሴትዮ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። ስልሳ ሦስቱ ልጆች እጃቸው ታጥፎ፣ እግራቸው ተገጥሞ፣ መጋዘን ውስጥ እንደተደረደረ ጠርሙስ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ዓይኗን ከፊት ወደ ኋላ ወስዳ፣ ከስልሳ ሦስቱ መካከል አይጢትን መረጠች።

«ሰባት ሲባዛ በስምንት?»

አይጢት ተነሣች። ከንፈሯ ተከፈተ፤ ተዘጋ። እጇ ታጥፏል፣ እግሮቿ ተጣብቀዋል፤ ቁጥሩ የሚወጣበት በር ሁሉ ተቆልፎባታል። ሱፐርቫይዘሯ መጻፊያዋን አነሣችና የልጅቷን ዝምታ ልትመዘግብ ስትል ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞር ብላ እስኪ ይርዷት አለችው።

ርዕሰ መምህሩ ወራት ሙሉ ከወለሉ ሥር ተቀምጦ የሰማው አምስቱን ዱም ብቻ ነው። ጭብጨባ ጣውላ አያልፍም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ «ሃምሳ» አለ።

መምህሩ ሳቀ። ሳቁ የመስኮቱን መስታወት በሦስት ቦታ ሰነጠቀው።

«ስድስቱ እኛ ጋ ቀርቶ ነው፤ ጌታዬ» አለው። «ፎቅ ወጥተው መውሰድ ነበረብዎ።»

ከዚያ ቁልፉን አየ፣ አይጢትን አየ፣ እግሩን አነሣ። አምስት ጊዜ ረገጠ። ሕንፃው አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሥቶ ቦታው ተመለሰ። ስድስት ጊዜ አጨበጨበ። አይጢት የተጣበቁ እግሮቿን ነጣጠለች፤ አምስት ዱም፣ ስድስት ጨብ፤ በስተመጨረሻም «ሃምሳ ስድስት» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ ሦስት መንደር አቋርጦ ተሰማ። ስልሳ ሁለቱ ተከተሏት። ከሰባት ሲባዛ በአንድ እስከ ሰባት ሲባዛ በአሥር ወረዱት፤ ከአሥሩ ተነሥተውም እየረገጡ ወደ ላይ ተመለሱ። ርዕሰ መምህሩ በቃ ቢል ማን ሰምቶት፤ የራሱ እግር ራሱ ከዳውና መርገጥ ጀመረ። ሱፐርቫይዘሯም ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ጨፈረች። አንድ ጫማዋ በመስኮት ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሪፖርቷ ላይ ምንም ሳታጓድል፣ የአራተኛ «ሐ» ልጆች ከእግራቸው እንዳይለዩ ብላ ጽፋ ሄደች። ቁልፉ ወደ ምስማሩ ተመለሰ። መምህሩ ይኸው ዛሬም አራተኛ «ሐ» ነው።

ይህ ታሪክ ዓመቱ ሲዘጋ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለሃያኛ ጊዜ ተተረከ። መምህሩ ምቹው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በተጨመረ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። የሕንፃው አንድ ክንድ ወደ ሁለት ክንድ ሲያድግም ነቀነቀ። አዲስ የተቀጠረችው የጂኦግራፊ መምህርት ግን ትረካው ጫማው ላይ ሲደርስ አልዋጥላት አለ። እትዬ በዚያው ክፍል መስኮት ትወለውል ነበርና ዞራ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ነበሩ አሉ። እውነት ነው?» አለቻት።

እትዬ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀች። እንደ ልማዷ ቆም ብላ አሰበች።

«መምህር ግን አልረገጡም» አለች፤ ድምጿን ሳታነሣ።

መምህሩ መነቅነቁን አቆመ።

«ርዕሰ መምህሩም ፎቅ አልወጡም፤ ታች ነበሩ። ሴትዮዋም አልጨፈረች፤ ጫማዋን እንዳደረገች ነው የሄደችው። መምህር እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቁልፉን አውቀዋለሁ፣ ማከማቻውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ልጅቷ ግን ቆማ ቀረች። አንጀቴ አልችል አለኝ። በመወልወያው እንጨት ወለሉን አምስት ጊዜ መታሁላት። ከዚያ በእርጥብ እጄ ስድስት ጊዜ አጨበጨብኩ። ሌላውን ልጆቹ ናቸው ያደረጉት።»

መምህርቷ ሰባት ሲባዛ በስምንትን ከየት እንዳወቀችው ጠየቀቻት።

«እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ከባልዲ ጋር ነው» አለች እትዬ፤ ወደ መስኮቷ እየተመለሰች። «ታች ቢሮውን ሳጸዳ የምሰማው ዱም ዱሙን ብቻ ነበር። ሃምሳ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ኖርኩ። ስድስቱን ለመስማት ነው የላይኛውን ኮሪደር በየቀኑ ማጠብ የጀመርኩት።»