የተዘለሉት ሁለት ክፍሎች

የአንድ የጤና ምርምር መጽሔት ዋና አዘጋጅ የሆነችው ሴት ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት፣ ለመጽሔቱ ከተላኩት ጽሑፎች መሃል የታናሽ ወንድሟን ስም አየች። ቤተሰቡ «ድንቡሼ» ይለዋል፤ ከሲታ ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ጥናቱ መስኮት ተከፍቶ በሚማሩባቸው ክፍሎች የልጆች ሳል በግማሽ ቀንሷል ይላል።

ከዚያ በላይ አላነበበችም። ተነስታ ወደ ምክትሏ ክፍል ሄደች።

«ይሄ የወንድሜ ነው። አንተ ያዘው፤ ገምጋሚዎቹንም አንተው ምረጥ። ምንም አልጠይቅህም፣ አንተም ምንም እንዳትነግረኝ።»

ምክትሏ ከመነጽሩ በላይ አያት። «ደህና ከሆነ ይወጣል፣ ካልሆነ ይመለሳል። እንደማንም ሰው።»

«እንደማንም ሰው።»

እሁድ እናታቸው ቤት ምሳ በልተው ሳህኑ ሳይነሳ፣ እናት «የወንድምሽን ጽሑፍ መቼ ነው የምታወጪለት?» አሉ።

«እኔ አልያዝኩትም እማዬ። ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ።»

«የእናትሽን ልጅ ለባዳ?»

ድንቡሼ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ሳቁ የገምጋሚዎቹ አስተያየት እስኪመጣ ድረስ ነበር። ያን ሰሞን በእናታቸው ወጥ ቤት ቆመው እሷ ስታጥብ እሱ እያደራረቀ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንዱ ገምጋሚ ችክ አለብኝ እትዬ። ጥናቱን ስትጀምር ስንት ክፍል ነበር ይለኛል።»

«ስንት ነበር?» አፏ ቀደማት።

«አሥራ ሁለት። ሁለቱ ውስጥ ሳሉ ጭራሽ ባሰ። መምህሮቹ መስኮቱን በደንብ የሚከፍቱት አልመሰለኝም። ተውኳቸው። ከመጀመሪያውም አሥር ነው ብዬ እመልስለታለሁ።»

«አይተሃል ወይስ መሰለህ?»

ያደረቀውን ሳህን መልሶ ያደርቅ ጀመር። ቧንቧውን ዘጋች።

«ይሄን ለምን ነገርከኝ?»

«ለእህቴ ነው የነገርኩት።»

«እህትህ ሰምታለች። ቢሮ ስትገባ ደግሞ አልሰማሁም ማለት አትችልም። አንተው እውነቱን ጻፍለት። አለዚያ እኔ ለምክትሌ እነግረዋለሁ።»

«የሥራ እድገቴ በዚህ ጽሑፍ ላይ ነው የቆመው። በሁለት ክፍል ማን ይሞታል?»

«አንድ ርዕሰ መምህር አንተን አምኖ በብርድ መስኮት ያስከፍታል። የሚብስባቸው ልጆች ካሉ ማወቅ አለበት።»

ፎጣውን ወርውሮ ወጣ። እናት ከሳሎን ብቅ ብለው «ምን አልሽው?» አሉ።

«የሥራ ነገር ነው።»

«ሥራችሁ ቤቴን ባያምሰው ምን አለ» ብለው ፎጣውን አነሱት።

ከዚያ ወዲያ በምክትሏ በር ስታልፍ እርምጃዋን ታፈጥን ጀመር። ፊደል ያስቆጠረችው፣ በየፈተናው ዋዜማ አብራው ያመሸችው እሷ ናት። ብትናገር ልታጣው ነው። ባትናገር ደግሞ ከእንግዲህ የማንን ጽሑፍ በምን ዓይኗ ጎደለው ብላ ትመልሳለች? በመጨረሻ ቆርጣ፣ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ።

«አሥራ ሁለቱንም አስገብቼ ላክሁ። ደስ ይበልሽ።»

ደስ አላላትም። ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋች።

ድንቡሼ ስልኳን ማንሳት ተወ። የሆነውን በእናቷ በኩል ነው የሰማችው። ገምጋሚው ሁለቱ ክፍሎች ለምን ተለዩ ብሎ ስለጠየቀው፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ አየ። መምህሮቹ መስኮቱን በደንብ ይከፍቱት ኖሯል። ክፍሎቹ ግን ያሉት የአውቶቡስ ማቆሚያው አፍንጫ ሥር ነው፤ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ልጆቹ ላይ ይገባል። ግማሽ የተባለው ቅነሳ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። እድገቱም ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ጽሑፉ ሲወጣ ከግርጌው «ዋና አዘጋጇ የጸሐፊው እህት ስለሆነች በግምገማውም በውሳኔውም አልተሳተፈችም» የሚል መስመር ነበረበት። እናታቸው ቤት ሄዳ ስታነብላቸው፣ እናት ያቺን መስመር እንድትደግምላቸው ጠየቋት።

«እህቱ መሆንሽን ለዓለም ተናገራችሁ ማለት ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«መኳረፋችሁንስ ጽፋችሁታል?»

«እሱን ዘለሉት» አለ ድንቡሼ ከበሩ። መግባቱን አላዩም ነበር። ሳቁን እንደ ዋጠ መጥቶ ጥቂት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የሚቀጥለው ጥናቴ እቅድ ነው። ከመጀመሬ በፊት እይልኝ። ለናንተ መጽሔት አልልከውም።»

«እንግዲያው እንየው» አለችና አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት።