አራት ልሳን ለአንዲት እናት

ገብረጻድቅ አቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ሲያሻግር ጠጉሩ ሸብቷል። አለቆቹ ፈረንሳዮች ነበሩ፤ እሱ ግን ከቋንቋቸው የያዘው ሰላምታውንና ስድቡን ነው። መሐሉ አላስፈለገውም። ስለዚህ ሚስቱ አቻምየለሽ በአርባ ምናምን ዓመቷ፣ ፊደል እንኳ ሳትቆጥር፣ የባዕድ አገር ቋንቋ ልማር ብላ ስትነሳ ሳቀባት። አንድ ሳይሆን አራት መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ሳቁን ትቶ ጸበል ልውሰዳት ይሆን ብሎ አሰበ።

ነገሩን ያመጣው የሙሴ ሚካኤል ሞት ነው። ሙሴ ሚካኤል ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ፈረንጅ የባቡር መካኒክ ነበር፤ «ሙሴ» የሚሉት እንደ አለቆቹ አጠራር፣ አቶ ለማለት ነው። ወባ ይዞት ከቆላ ተመለሰና አቻምየለሽ እንደ ልጇ አስታመመችው፤ እጇ ላይ አለፈ። እሷ በአቃቂ የታወቀች አልቃሽ ናት። ሟቹ ዘመድ ስላልነበረው ቀብሩ ላይ ብቻዋን አልቅሳ ሰፈሩን ሁሉ አስለቀሰች። ከወራት በኋላ እናቱ የመርከቡን ገንዘብ እንዳጠራቀሙ ሊመጡ መሆኑ ተሰማ።

«እናቱ መጥተው ‹ልጄን ማን አለቀሰለት?› ቢሉኝ እንደ ዲዳ ልቆም ነው?» አለች።

«አስተርጓሚ መች ጠፋ?»

«ለቅሶ በአስተርጓሚ ይሆናል እንዴ? አንተ ደግሞ!»

ችግሩ የእናቱ ቋንቋ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ሙሴ ሚካኤል ከሁሉም ጋር በየቋንቋው ነበር የሚያወራው። የጣቢያው ሹም «ሚሼል ፈረንሳዊ ነው» ይላል። ጋራዥ ያለው ጣሊያን «ሚኬሌ የኛ ነው» ብሎ ይቆጣል። ባለወፍጮው ግሪክ «ሚኻሊ» እያለ ይምላል። የመናዊው ባለሱቅ ደግሞ እንዲያ አሳምሮ ዐረብኛ የሚናገር ሰው የዐረብ ጡት አልጠባም ቢሉት ቢሞት አያምንም። የባቡር ኩባንያው ጋ ያለው ወረቀት የተወለደበትን ወደብ ይናገራል እንጂ የእናቱን አፍ አይናገርም።

«እንግዲያው አራቱንም» አለች አቻምየለሽ፣ ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ቀለል አድርጋ።

የተማረችው በሙያዋ ነው። አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ ስለ ሟቹ ጠይቃ ትይዛለች፤ አንዴ የሰማችው አይጠፋትም። እንደዚያው እየዞረች «እናትህ ስትቆጣህ ምን ትልህ ነበር? ስታቆላምጥህስ? ሰው ሲሞትባችሁ ምን ትላላችሁ?» ትል ጀመር። ባለሱቁ ደንግጦ «ሴትዮ፣ በቁሜ ልታለቅሽልኝ ነው? ስኳርሽን ይዘሽ ሂጂ!» አላት። ቆይቶ ግን ራሱ እየጠራ ያወራት ነበር። ስለ እናቱ የሚጠይቀው ሰው ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

አንድ ቀን ገብረጻድቅ ዱቄቱን ሊሸከምላት ወፍጮ ቤት ሄደ። ግሪኩ እንባውን እየጠረገ ይስቃል፤ እሷ በሰውየው ቋንቋ እጇን እያወናጨፈች ትተርክለታለች። ድምጿ ሳይቀር የሌላ ሴት ድምፅ ሆኗል። ገብረጻድቅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ አብሯት አድሮ አላወቃትም ማለት ነው! ፈራት፤ ግን ደስ የሚል ፍርሃት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሳቁ ቀርቶ አንድ ነገር ብቻ ይጨንቀው ጀመር፤ ሴትየዋ በአምስተኛ ቋንቋ ቢመጡስ?

ሙሴ ሚካኤል በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጥቁር የለበሱ ባልቴት ከባቡሩ ወረዱ። ባልና ሚስቱ ደግፈው ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። አቻምየለሽ በፈረንሳይኛ ጀመረች፤ ባልቴቷ መለሱላት። በጣሊያንኛ ሞከረች፤ መለሱላት። በግሪክኛም፣ በዐረብኛም መለሱላት። «ታዲያ የእሳቸው የቱ ነው?» አላት ገብረጻድቅ።

«ወደብ ሰፈር ነው ያሳደግሁት፣ አራቱም የቤታችን ነው ይላሉ» ብላ ተረጎመችለት።

ልጃቸው እንዴት እንደታመመ፣ ሾርባውን በማን እጅ እንደጠጣ፣ ዓይኑን ማን እንደከደነ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሁሉንም ሰሙ፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር። በመጨረሻ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁና ከአቻምየለሽ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ።

«ምን አሉሽ?» አላት ገብረጻድቅ።

«በተቀበረ ቀን በየትኛው ቋንቋ አለቀስሽለት አሉኝ። በአማርኛ፣ ያኔ ሌላ አልነበረኝም አልኳቸው። እሱን አሰሚኝ አሉ።»

ነጠላዋን አደገደገችና ድምጿን ለቀቀችው፦

«አገሩ ሩቅ ነው፣ ባሕር ነው መንገዱ፤
እናቱን ማን ይጥራ፣ የት አለ ዘመዱ?»

ባልቴቷ ትርጉሙን ቃል በቃል አስነገሩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አስተምሪኝ አሏት። አፋቸው እየተሰበረ ደጋገሙት፤ «ጥ» አልወጣ ብሏቸው ሲታገሉ ገብረጻድቅ ሳያውቀው አብሯቸው ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። «እናቱን ማን ይጥራ» የሚለውን አንዴ አጥርተው እንዳሉ ቆሙና አንድ ቃል ብቻ እንድትጨምርላቸው ለመኗት። አቻምየለሽ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው አፈሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«መጣሁ» አሉ በአማርኛ፤ ያን ጊዜ እንባቸው መጣ።