ዋርካ ቆቅን ይጠራል

ማጋነን አይሁንና፣ በዚያ ከተማ ፎቶ አንሺው ያላነሳው ፊት ቢኖር ገና ያልተወለደ ሕፃን ፊት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀጠሮ ተይዞለታል። አንዴ ያየውን ፊት አይረሳም። ከጀርባ ያየውን ሰው እንኳ በጆሮው ቅርጽ ብቻ ከነአያቱ ይለየዋል ይባላል፤ ይባላል የሚለውም ራሱ ነው።

ስለዚህ የጆሮ ሐኪሙ የፎቶ አንሺውን አባት ጆሮ መርምሮ፣ «የቀኙ አልቆለታል፤ የግራውም ዓመቱን አይደፍንም» ባለ ዕለት፣ አባትየውም ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ «እንግዲያው ሳይዘጋ በፊት ቆቅን ፈልግልኝ» ባሉት ጊዜ፣ ልጅየው ደረቱን ነፋ።

«ይቺ ናት? በሳምንት ውስጥ ከነቤተሰቡ አቀርብልሃለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«አንተ ብቻ ፎቶውን አሳየኝ።»

«የምን ፎቶ?»

«የቆቅን ነዋ፣ አባዬ!»

አባትየው መንገድ መሃል ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላ የመጣ ታክሲ ጡሩንባውን ነፋ፤ እሳቸው እንደሆነ አልሰሙትም። «እኔ መልኩን መቼ አይቼው አውቃለሁና?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው በጦርነቱ ዘመን የመገናኛ ሻለቃ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። አንድ ሬዲዮና አንድ ብርድ ልብስ ሰጥተው ተራራ ጫፍ ላይ አወጧቸው፤ ንፋሱ ደግሞ ሰው ቀርቶ ድንጋይ ያስነጥሳል። በአየር ላይ ስማቸው «ዋርካ» ነበር። ከሸለቆው ማዶ፣ ሌላ ተራራ ላይ፣ «ቆቅ» የሚባል ሌላ ኦፕሬተር ነበር። እውነተኛ ስም በሬዲዮ መጥራት ክልክል ነው፤ ከጣቢያ መውረድም ክልክል ነው። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ የሌላው ወሬ ነጋሪ፣ መካሪና ቀልደኛ ሆኖ ኖረ። አንድ ቀን ሬዲዮዎቹ ዝም አሉ፤ ጦሩ ተበተነ፤ ሁለቱም ሳይተያዩ በየፊናቸው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ አባትየው ያልሄዱበት የጡረታ ቢሮ የለም። ወረፋ ላይ ሲቆሙ ሰው አይመለከቱም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰዉን ንግግር ያዳምጣሉ። አንዳንዱ ቆሞ የሚተኛ ሽማግሌ ይላቸዋል።

«ታዲያ ከደነቆርክ በኋላስ ቢገኝ ምን ቸገረህ?» አለ ልጅየው። «አቅፈህ ትስመዋለህ።»

«ከደነቆርኩ በኋላ ቢመጣ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ መጣ ማለት ነው። ቆቅ አልመጣም። እኔ እሱን የማውቀው በዚህች ነው» ብለው የግራ ጆሯቸውን በሌባ ጣታቸው ነካ አደረጉ።

ልጅየው ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ከፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ አንዲትን ሙሽራ አወረደና በቦታዋ የመስታወቱን ግማሽ የሚሸፍን ማስታወቂያ ሰቀለ፤ «አፋልጉኝ! በመገናኛ ሻለቃ የነበራችሁ፣ በተለይም ቆቅ፣ ዋርካ ይፈልጋችኋል።» የሙሽራዋ እናት መጥታ፣ «ልጄን አውርደህ ቆቅ ትሰቅላለህ?» ብላ ያወረደችበት እርግማን መንገዱን ሁለት ቀን አሞቀው። ማስታወቂያውን በሬዲዮ አስነገረ፤ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። ከሥሩ የወላጆቹን ቤት ስልክ ጻፈ።

ስልኩ ጮኸ ብሎ መናገር ነገሩን ማሳነስ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ዘሎ ሊወርድ ምንም አልቀረውም። አባትየው ጥሪውን ስለማይሰሙ ልጅየው በምሳ ሰዓት እየመጣ ያነሳል፣ ጮክ ብሎ ይደግምላቸዋል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ደወለች። ባሏ ሽቦ ዘርጊ ነበር።

«የስልክ ሽቦ ጥቅልል በጀርባዬ ተሸክሜ ወንዝ ተሻግሬያለሁ ይለኝ ነበር። እኔም ልጆቼም ስንስቅበት ኖርን። እውነት ይሆን እንዴ?»

አባትየው ሲደገምላቸው ከወንበራቸው ተነሱ። «አንድ ጥቅልል ነው ያላት? ሁለት ነው በላት! ሁለት!»

«ታውቀዋለህ እንዴ አባዬ?»

«አላውቀውም። ሽቦ ዘርጊ ግን አንድ ብቻ ተሸክሞ አያውቅም።»

ሴትዮዋ ስልኩ ላይ እየሳቀች አለቀሰች። እንዲህ ያለው ብዙ ነበር፤ አባቱ ያልነገረውን ለማወቅ የሚደውል ልጅ፣ ወንድሙን የሚጠይቅ ወንድም። ቆቅ ብቻ የለም።

በመሃል ደግሞ አንድ ድዳ ስልክ አለ። በየቀኑ፣ ልክ ማንኪያው አፍ ሲደርስ፣ ይደወላል። «ሃሎ! ሃሎ! ማን ልበል?» ይላል ፎቶ አንሺው። ምላሽ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። ጠብቆ ጠብቆ ራሱ ይዘጋዋል።

«ሚስትህ ሳትሆን አትቀርም» ትላለች እናቱ። «ምሳዋን ትተህ የኔን እንደምትበላ ደርሳብህ ነው።»

በሳምንቱ መጨረሻ ድዳው ስልክ አፍ አወጣ። ያወጣውም አፍ የሴት ነበር።

«አንተ ልጅ! ምን በድሎህ ነው በየቀኑ ጆሮው ላይ የምትዘጋበት?»

«እ... ማን ላይ፣ እማማ?»

«ባሌ ላይ ነዋ! ሃሎ ትላለህ፣ ከዚያ ኦቨር ማለት አለብህ። ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። ኦቨር ካላልከው እንዴት ይናገር?»

«ሰው ሃሎ ሲባል ይናገራላ!»

«ሰው አዎ፤ እሱ ግን የመገናኛ ሰው ነው። ገበያ መሃል ምላሱ ሰው ይበላል፤ ስልክ ሲይዝ ወታደር ይሆንብኛል። ከውጭ ደውዬ ዳቦ ግዛ ልለው ስፈልግ እንኳ ዳቦ ግዛ ኦቨር ነው የምለው። እስቲ ሞክረው።»

ፎቶ አንሺው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆቅ ነዎት? ... ኦቨር።»

«ቆቅ ነኝ!» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። «ዋርካ በሕይወት አለ? ኦቨር!»

ፎቶ አንሺው እንዴት እንደጮኸ ጎረቤት ይመስክር። እናቱ ጭልፋዋን ጣለች፤ አባትየው የሆነውን ከልጃቸው ፊት አንብበው ስልኩን ነጠቁ። ግራ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። «ዋርካ ነኝ፤ ኦቨር» አሉና አዳመጡ፤ ደጋግመው አዳመጡ። ፊታቸው እንደ ጨው ሟሟ። ስልኩን ቀስ ብለው ለልጃቸው መለሱ።

«እሱ አይደለም። የሆነ ሽማግሌ ነው።»

«አባዬ፣ ዋርካን በስሙ ጠየቀ እኮ!»

«ማስታወቂያህ ላይ ጽፈኸው የለ? ጥሩ ሰው ይመስላል። ግን ቆቅ አይደለም።»

ፎቶ አንሺው ግን ተስፋ የመቁረጥ ልምድ የለውም። ባልና ሚስቱን ለእሑድ ምሳ ጠራቸው። መጡ። ቆቅ የተባለው ሰው ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ አጭር ናት፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ እሷ ናት የተናገረችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተጨባበጡ። ተቀመጡ። ለአባትየው ጆሮ እንዲመች ተብሎ ቤቱ ውስጥ የሚጮህ ነገር ሁሉ ተዘግቷል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር። ጉንዳን ብትረማመድ ዱካዋ ይሰማል።

«ተራራው ይበርድ ነበር» አለ እንግዳው።

«ይበርድ ነበር» አሉ አባትየው።

እናትየው ውሃ አቀረበች። አባትየው በትሕትና ፈገግ ብለዋል፤ ልጃቸው ያን ፈገግታ ያውቀዋል። በሥራው በየቀኑ የሚያየው፣ ደንበኛ ፎቶውን ሳይወደው ከፍሎ ሲወጣ የሚያሳየው ፈገግታ ነው። ያቺ ጆሮ ትዘጋለች፤ አባቱም የፈለጉትን ሳያገኙ ይቀራሉ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ እንግዳው በድንገት። «አትቀየመኝ። እኔም አላወቅኩህም። ዋርካ ጎልማሳ ድምፅ ነበረው። እዚህ የመጣሁት እሷ ተነስ ስላለችኝ ነው።»

«ኧረ ጉድ!» አለች ሚስቱ። «በየቀኑ ስልክ ላይ ትንፋሽህን ስታስቆጥር የኖርከው ለዚህ ነው?»

አባትየው ግን ሳቁ። ከልብ። «እኔም እንግዳ ላለማስቀየም ብዬ ነው እንጂ...»

እንግዳው ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ዙሪያውን አየ፤ ጸጥ ያለውን ቤት፣ የተዘጋውን ሁሉ። «አንተ፣ እኛ መቼ በእንዲህ ያለ ጸጥታ ተነጋግረን እናውቃለን?» አለ። «ሁልጊዜ የሚንሾካሾክ፣ የሚጠበስ ነገር ነበረ እኮ ድምፃችን ላይ። ሬዲዮ አላችሁ?»

ሬዲዮ አለ። ፎቶ አንሺው ነገሩ ገብቶት እንደ ጥይት ተነሳ። አባቱን ከቤቱ ስልክ ጋር መኝታ ቤት አስገባቸው፤ ገመዱ የደረሰው በጭንቅ ነው። እንግዳውን ሳሎን አስቀምጦ የራሱን ሞባይል ሰጠው፤ ትንሿን ሬዲዮ በሁለት ጣቢያ መሃል አቁሞ አጠገቡ ጎለታት። ሽሽሽ አለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን በር ዘጋው።

«ቆቅ፣ ቆቅ፣ ቆቅ» አሉ አባትየው ከአልጋው ጫፍ። «ዋርካ ነኝ። ድምፄ እንዴት ይሰማል? ኦቨር።»

ስልኩ ውስጥ ያ ሁሉ ጩኸት ነፈሰ፤ ከጩኸቱ ሥር ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«ዋርካ፣ ቆቅ ነኝ። ድምፅህ ደካማ ነው፤ ግን ይሰማል። ዛሬስ ቁልፉን ተጭነህ እንቅልፍ አልወሰደህም? ኦቨር።»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅየው ስንት ሺህ ፊት አንስቷል፤ እንዲህ ያለ ፊት አንስቶ አያውቅም፤ ካሜራው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ መኖሩንም ረሳው።

«ምን አለህ? ምን አለህ?» አለች እናቱ ከኋላው።

«የመናገሪያውን ቁልፍ እንደተጫንኩ አንቀላፍቼ» አሉ አባትየው፣ እንባቸውን እየጠረጉና እየሳቁ፣ «የክፍለ ጦሩ ሬዲዮ በሙሉ ማንኮራፋቴን ሲሰማ አመሸ። ኮሎኔሉ ማነው ይሄ ብሎ ሲቆጣ፣ ቆቅ ቀድሞ የአየር መዛባት ነው ጌታዬ፣ ከተራራው የሚመጣ ነው አለው። እኔን ከእስር አዳነኝ።»

«አሃ» አለች እናትየው። «እኔ እንግዲህ ተራራውን ነዋ ያገባሁት።»

«ዝም በይ፣ እየተናገረ ነው!»

ቆቅ ሳሎን ሆኖ ይናገራል። የሚያወራው ሲያልቅበት ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይዘረዝራል፤ መጋረጃው አረንጓዴ ነው፤ ወንበሩ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ሚስቴ እንደ ልማዷ እያየችኝ ነው። አባትየው አንዲትም ቃል እንዳታመልጣቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራ ጆሯቸው ላይ ተጭነውታል።

«አባዬ፣ አሁን እኮ አወቅከው። ውጣና ጎኑ ተቀመጥ፤ አብራችሁ ብሉ» አለ ልጅየው።

አባትየው በእጃቸው ዞር በል አሉት።

እናትየው ወደ ማድ ቤት ሄደች። የቆቅ ሚስት ሬዲዮዋን እንዳይነካባት ሰዉን ሁሉ እያባረረች ተከተለቻት። ሁለቱ ሴቶች ለአምስት ሰው የተዘጋጀውን ምሳ በሁለት ትሪ ከፈሉት፤ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት አስገቡ። ከመኝታ ቤት ስትወጣ እናትየው በሩን ራሷ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።