ዓብዱ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፣ መስመር ሁለት ላይ

ባለቤቴ ኑርያ የቤዝቦል ሕግ አንዱንም አታውቅም። ውጤቱን ግን ገና ከበር ስገባ ታውቀዋለች። ቡድናችን ሲያሸንፍ «አሸነፍን!» እያልኩ ነው የምገባው። ሲሸነፍ ደግሞ ጫማዬን እያወለቅኩ «ተሸነፉ» እላለሁ። «አይ ዓብዱ! ሲያሸንፉ ያንተ፣ ሲሸነፉ የጎረቤት ናቸው» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቡድን የተቃጠለው እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ውስጥ የሆቴል ሹትል ሹፌር ነኝ። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት፣ በቀን ሃያ ጊዜ እመላለሳለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፣ የቤዝቦል ሬዲዮ ነው። ጨዋታው ቀስ ያለ ስለሆነ፣ አንድ ኳስ ተወርውሮ ሌላው እስኪወረወር ድረስ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ስለ አየሩም ስለ ሣሩም ስለ ተጫዋቹ አያትም ያወራል። እኔም መሪ ይዤ እያዳመጥኩ ቋንቋውን ለመድኩ። በሽታውም አብሮ ያዘኝ።

ዘንድሮ ቡድኑ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር። ይሁን፣ ለምደነዋል። ጁላይ መጨረሻ ላይ ግን ማናጅመንቱ ሶሊስን ሸጠው። ሶሊስ ካቸራችን ነበር። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ነው፤ የሌላው ቡድን ሰው ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሊያመልጥ ሲሮጥም ብድግ ብሎ ወርውሮ የሚያስይዘው እሱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን የጨረሰልን ሰው! እነሱ «ትሬድ»፣ ልውውጥ፣ ይሉታል፣ ለእኔ ግን ሽያጭ ነው። በእሱ ፋንታ ከታችኛው ሊግ ስሙን ማንም የማያውቀው የሃያ ሁለት ዓመት ካቸር አመጡ። ደሜ ፈላ።

አንድ የስፖርት ሬዲዮ አለ፣ በምሳ ሰዓትና ከጨዋታ በኋላ የደጋፊ ስልክ ይቀበላል። እኔ ቋሚ ደንበኛ ነኝ። በእረፍቴ ሰዓት መኪናዬን ጥግ አስይዤ ኮል አደርጋለሁ፤ አቅራቢው «አሁን ዓብዱ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፣ መስመር ሁለት ላይ!» ሲል ድካሜ ሁሉ ይጠፋል። ሶሊስ የተሸጠ ዕለት የተናገርኩትን አልክድም። «እነዚህ ሰዎች በሩን ሸጠው ቁልፍ ገዙ! ቢሮ ቁጭ ብለው በኮምፒውተር ሰው ይመዝናሉ! ለአዲሱ ልጅ እንኳ አንድ የሚያስተምረው ሽማግሌ አላስቀሩለትም። እኔ ሻንጣ ስጭን ከእነሱ የተሻለ አስባለሁ!» አልኩ።

አቅራቢው በሳቅ ፈረሰ። «በሩን ሸጠው ቁልፍ ገዙ» ያልኩትን ቀድተው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማስታወቂያ በፊት በራሴ ድምፅ ያጫውቱት ጀመር። ስታዲየም ውስጥ አንዱ ካርቶን ላይ ጽፎ ይዞት ታየ። አዲሱን ልጅም ደጋፊው ሁሉ «ቁልፉ» ይለው ጀመር። ወላሂ ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ እራት ላይ ነን። ልጃችን ሀሲባ ሹካዋን አስቀመጠችና እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ «ኢንተርቪው አለኝ። የመጨረሻው ዙር። ሐሙስ» አለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስታቲስቲክስ ተምራ ፕሊማውዝ ውስጥ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፣ የመኪና አደጋ ስትቆጥር ትውላለች፣ አትወደውም።

«የት ነው?» አልኳት።

«ቡድኑ ጋ። ተጫዋች የሚመርጡት ክፍል። ከሦስት መቶ ሰው አራት ቀርተናል።»

ኑርያ እልል አለች። እኔ ተነስቼ ግንባሯን ሳምኳት። ይቺ ልጅ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ቁጭ ብላ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ እየሰማች፣ ማን እንደመታ ማን እንደሳተ በሰማያዊ ደብተር በእርሳስ ትመዘግብ ነበር።

ኑርያ እልልታዋን ድንገት አቋረጠች። «ቆይ ቆይ። ዓብዱ፣ በሬዲዮ የምትሰድባቸው እነዚህኑ አይደለም?»

«ቢሆንስ? ሙሉ ስሜን መቼ ሰጠሁ? ዓብዱ ብቻ ነው ያልኩት። ያህያ የሚል ከአፌ አልወጣም።»

ኑርያ ወደ ሀሲባ ጠቆመች። «የልጅቷ ወረቀት ላይ ያለው ስም ማን ይላል?»

«ሀሲባ...» አልኩ። ሀሲባ ዓብዱ።

ያ አላህ! ሀሲባ የተወለደች ዕለት ሐኪም ቤት ውስጥ ነርሷ የእኔን ወረቀት አይታ «ሀሲባ ያህያ» ብላ ጽፋ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀደድኳት። «ያህያ የእኔ አባት ነው። የእሷ አባት እኔ ነኝ፣ በእኔ ስም ትጠራ!» ብዬ ፎቁን አናወጥኩት። ሦስት ሰው መጥቶ ሊያስረዳኝ ሞከረ፣ እምቢ አልኩ። እና አሁን እኔ በአሜሪካ ወረቀት በአባቴ ስም ተከልዬ ስሳደብ፣ ልጄ የተሳዳቢውን ስም ይዛ ልትፈተን ነው። ሳንቲም እንኳ የማታወጣ ብልጠት!

ሀሲባ ግን ምንም አልመሰላትም። «አውቃለሁ ዳድ። ሳመለክትም አስቤበታለሁ። አንተ ብቻ ምንም አታድርግ» አለችኝ።

ምንም አታድርግ አለችኝ። እኔ ደግሞ ምንም ሳላደርግ መቀመጥ አልችልም።

በማግስቱ አክሊሉን አማከርኩት። አክሊሉ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሆቴል ሹትል ሹፌር ነው፣ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አብረን ነው የምንቆመው። ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ «ቀላል ነው። ደውልና አመስግናቸው» አለኝ።

«ልዋሽ?»

«ምን ውሸት አለው? ሠርግ ቤት ሄደህ ሙሽራዋ ቆንጆ ናት አትልም እንዴ?»

ምክሩ ልክ መሰለኝ። ሰው ሲጨንቀው ሁሉ ነገር ልክ ይመስለዋል። የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ኮል አደረግኩ። መስመር ሁለት ላይ አስገቡኝ። «ዛሬ ማናጅመንቱን ላመሰግን ነው የደወልኩት» አልኩ። «በጣም ብልህ ሰዎች ናቸው። ሶሊስ ደክሟል። ሽያጩ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ።»

ከዚያ አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓብዱ፣ ደህና ነህ? አጠገብህ የሚያስገድድህ ሰው ካለ አንዴ ብቻ ሳል» አለኝ።

የእኔ ጉሮሮ ደግሞ ያቺን ሰዓት መርጦ ደረቀ። አሳለኝ።

ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። የአስገዳጆቹን መኪና ቀለም ሁሉ ጠየቁኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቅጂው በየስልኩ ዞረ፣ አክሊሉ ራሱ ላከልኝ።

ሀሲባ ከሥራ ስትገባ ሶፋ ላይ ነበርኩ። ይቺ ልጅ ከእኔ ጋር አማርኛ የምታወራው ስትናደድ ብቻ ነው። በር ላይ ቆመች። «አባዬ፣ ለምን ዋሸህ?» አለች፣ በአማርኛ።

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ ስትሳደብ አንድ ቀን አፍሬብህ አላውቅም። ደጋፊ ይሳደባል። ዛሬ ግን አፈርኩ።»

ክፍሏ ገብታ ስትመለስ ሰማያዊውን ደብተር ይዛ ነበር። አንድ ገጽ ገልጣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሶሊስ የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ በልጅነት እጇ የተጻፈ። አንዱ መስመር ላይ እርሳሱ በላጲስ ተፍቆ፣ ወረቀቱ ሳስቶ ነበር። «ኳሱን ጣለው፣ በእሱ ጥፋት ተሸነፍን። ሶሊስን በጣም ስለምወደው አልጽፍም ብዬ አለቀስኩ። አንተ ምን አልከኝ?»

አስታወስኩት። «የሆነውን ጻፊ፣ የተመኘሽውን አይደለም» ብያት ነበር። እንዲህ ብዬ ያስተማርኩ ሰው፣ ለተመረቀች ልጄ ደግሞ በሬዲዮ ውሸት ላኩላት። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። «ይቅርታ ልጄ» አልኳት። ደብተሩን ወሰደችና «እሺ» አለች፣ ግን ፊቷ አልተፈታም።

ሐሙስ ሥራዬን አስፈቅጄ እኔው ወሰድኳት። ስታዲየሙ ጋ ስንደርስ «ከጠየቁኝ እውነቱን ነው የምነግራቸው» አለች።

«ንገሪያቸው። አላውቀውም ብትያቸውም ወላሂ ቅር አይለኝም።»

የመኪናውን በር ከፍታ ዞር አለች። «ስሙ እኮ የእኔም ነው» አለችና ወረደች።

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዱዓ አደረግኩ። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሥራውን ብትከለከል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ስታቲስቲክስ መማር አያስፈልገኝም። ምላሴን ባገኘው እዚያው እቆርጠው ነበር።

ስትመጣ ከሩቅ አየኋት፣ ከፊቷ ግን ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ጠየቁሽ?»

«ገና ሳልቀመጥ። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቴን አየችና ‹ዓብዱ... የኮሎምቢያ ሃይትሱ ዘመድሽ ነው?› አለችኝ። አባቴ ነው አልኳት።»

«እሺስ?»

«ሦስቱም ጠያቂዎች ተያዩ። ከዚያ ኃላፊዋ ‹ከየትኛው ዓብዱ ጋር ትስማሚያለሽ? ከበፊቱ ወይስ ከትናንቱ?› አለችኝ።»

«እሺስ፣ እሺስ!»

«ከሁለቱም አልስማማም አልኳቸው። ሶሊስ ከሦስት ዓመት በፊት ሊሰርቁ ከሚሮጡ አሥር ሰዎች አራቱን ያስይዝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ብቻ። ስለዚህ መሸጡ ልክ ነው፣ አባቴ ተሳስቷል አልኳቸው። ለአዲሱ ልጅ የሚያስተምረው ሰው አለማስቀረታችሁ ግን ስህተት ነው፣ እሱን ከእናንተ ቀድሞ አባቴ አይቶታል አልኳቸው። ልጁ ከመጣ ወዲህ ያመለጡትን ኳሶች አንድ በአንድ አሳየኋቸው።»

«ሶሊስን ሸጥሽው ማለት ነው?»

«ሸጥኩት አባዬ።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እና ምን አሉሽ?» ስላት «ምንም አላሉኝም። ጻፉት» አለችኝ።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያው አራት ጊዜ ደወለልኝ፣ አላነሳሁም። ኑርያ በየሶላቷ ልጅቷን ከእኔ አፍ እንዲጠብቅላት አላህን ስትለምን በጆሮዬ ሰማሁ። በአሥረኛው ቀን ሀሲባ በምሳ ሰዓት ደወለችና «ዳድ» አለች። ሹትሉ ውስጥ ስድስት መንገደኛ ነበር። «ቀጠሩኝ» ስትል በአማርኛ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፣ አንዲት አሮጊት ግን አደጋ የደረሰብን መስሏት ሻንጣዋን እቅፍ አደረገች። ነገሩን ስነግራቸው ስድስቱም አጨበጨቡልኝ። አልሃምዱሊላህ!

ሥራ የጀመረች ዕለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን መታወቂያ አሳየችኝ። ከላይ የቡድኑ ምልክት አለ። ስሟን በትንሹ ጽፈው ከሥሩ ዓብዱ የሚለውን በትልቁ ጽፈውታል፣ አሠራራቸው እንደዚያ ነው። ከነርሷ ጋር የተጣላሁበት ስም! ብዙ ሰዓት ይዤው ቆየሁ።

«ከእንግዲህ አልደውልም» አልኳት።

«ማን አትደውል አለህ? ደውል። የሆነውን ብቻ ተናገር» አለችኝ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ እሑድ፣ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ሰማሁት። ቁልፉ ሁለት ሌባ ያዘ፣ አንዱን በጉልበቱ ተንበርክኮ ወርውሮ ነው ያስያዘው! ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ እንዳወራው፣ በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጣ ካቸር ቀጥረውለት የእግሩን አቋቋም እያስተካከለለት ነው። ይሄ የማን ሐሳብ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ብጠይቅም ሀሲባ የቢሮ ወሬ ቤት አታመጣም። በመጨረሻው ዙር ግን ቁልፉን አንድ ሞኝ ኳስ አመለጠችውና ሁሉ ነገር አለቀ።

ቤት ገባሁ። ኑርያ ዕቃ እያጠበች ነበር። ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።

«ዛሬስ?» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

«ተሸነፍን» አልኩ።

የውሃውን ቧንቧ ዘጋች። እጇ አረፋ እንደሆነ ዞረች። «ምን አልክ?»

«ተሸነፍን አልኩሽ እኮ! አራት ለሦስት። ስንት ጊዜ ልናገር?»