አበባው የወጣበት ነጭ ወረቀት

ሺዙኤ የጃፓኗ ኤቺዘን የክረምት ብርድ እጇን እያደነዘዘው የወረቀት ሊጥ ከሞላበት ገንዳ ነጭ ወረቀት በወንፊት ስታወጣ ኖረች። አማቷ ፉሳኤ ግን የአበባውን ሥራ የሰጠችው ትናንት ለመጣችው ለትንሿ ምራት ለቺናሚ ነው። ቺናሚ የአበባ ቅርጽ ተቀድዶ የወጣለትን ሰሌዳ እርጥቡ ወረቀት ላይ ታስቀምጥና ቀይ የተነከረ የወረቀት ሊጥ ታፈስበታለች። ሰሌዳው ሲነሳ የፕለም አበባ ቦግ ይላል።

«አቤት እጅ!» ትላለች አማትየው። ሺዙኤ በቅናት ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቀን ቺናሚ ቀዩን ሊጥ ውሃው እስኪጠራ ሳታጥበው ቀረች። ሺዙኤ አየች፤ ያልታጠበ ሊጥ ሲጨመቅ ቀለም ይለቃል፤ «ዛሬ ጉዷ ይፈላል» ብላ ዝም አለች።

ማምሻውን አማትየው፣ «የአንቺን ነጭ ወረቀት በቺናሚ ወረቀቶች ላይ ደርቢው፣ ውሃው አብሮ ይጨመቅ» አለቻት።

ሺዙኤ አፏን ከፈተች። ቀለሙ ይለቃል ብትል፣ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ መባሏ ነው። አፏን ዘግታ ደረበች።

ጠዋት መጭመቂያው ሲነሳ፣ የቺናሚ ወረቀቶች አበባ በአበባ ላይ ስለተደረቡ የቀለሙ መልቀቅ እንኳ አያስታውቅም። የሺዙኤ ነጭ ወረቀት ላይ ግን ቀይ አበባ ወጥቷል። ፉሳኤ አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

«አበባ እንዲህ ካማረሽ» አለቻት፣ «ብትጠይቂኝ እኮ ሰሌዳውን እሰጥሽ ነበር።»